በዳላስና በሚኒሶታ መካከል

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሮም ውስጥ ሽማግሌና አሮጊት የሚጠብቁ ሴቶቻችን የሚተነፍሱበት ጊዜ ነው። ልማዱ የቆየ ነው፤ ሐሙስ ግማሽ ቀን፣ እሑድ ሙሉ ቀን። እሑድ የቤተ ክርስቲያን ነው። ሐሙስን ግን አሰለፈች የምታሳልፈው ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ባለችው የእስከዳር ምግብ ቤት ነው። መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች፣ ምስር ወጥ ታዛለች፣ ከቦርሳዋ የማትለየውን ዳዊቷን ጠረጴዛው ጥግ ላይ ታኖራለች፤ ከዚያ የሰው ጨዋታ ትሰማለች። መናገር አታበዛም። ስለዚህም ያን ሐሙስ ገና ከበሩ ስትገባ «ዓባይነህ አለ?» ብላ ብትጠይቅ፣ እስከዳር ጭልፋዋን እንደያዘች ዞር ብላ አየቻት።

«ዓባይነህን ፈልጎ የመጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ፤» አለች። «ሲሸሹት ነው እንጂ የማውቀው።»

ዓባይነህ አሜሪካ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ረጅም የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። ሚስቱ «እኔ ሮምን አልለቅም» ስላለችው ተመልሶ መጥቶ ቲቡርቲና አካባቢ መጋዘን ውስጥ ይሠራል። ስለ አሜሪካ ከተሞች ሲያወራ ጎረቤቶቹን የሚያማ ነው የሚመስለው። ከጓዳው አጠገብ ካለው ወንበር ሆኖ ስሙን ሲሰማ ቀና አለ።

«ምን ልታዘዝ፣ አሰለፉ?»

«ከዳላስ ሚኒሶታ በባቡር ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ዓባይነህ ሳቀ። «ባቡር! አሎራ፣ አንቺ ከተርሚኒ ተነስተሽ ሚላኖ የምትወርጂ መሰለሽ እንዴ? በመኪና እንኳ ንጋት ላይ ተነስተሽ እኩለ ሌሊት ብትደርሺ ጎበዝ ነሽ። ለመሆኑ አሜሪካ ልትሄጂ ነው?»

«ለነሐሴ። ለዓመት ዕረፍት፣ ፌሪዬ ስወጣ።»

ይህን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ጆሮ ሆነ። አሰለፈች የጣልያን ፓስፖርት ካወጣች ገና ዓመት አልሞላትም፤ እንኳን አሜሪካ ናፖሊ የሄደችው አንድ ጊዜ ነው።

«ሁለቱንም ተያቸውና ዋሽንግተን ሂጂ፤» አለች እስከዳር፣ የአጎቶቿ ልጆች በሙሉ እዚያ ስላሉ። «አገርሽ የገባሽ ነው የሚመስልሽ።»

«ዋሽንግተን?» አለ ዓባይነህ። «ሐበሻ ለማየት ከሆነ እዚሁ አንቺ ቤት መቀመጥ አይሻላትም? እዚያ ስታስነጥሺ ከወዲያኛው ሰፈር ይማርሽ ይሉሻል፤ ማታ ደግሞ ለምን እንዳስነጠስሽ ሲወራ ያመሻል።»

በሰው ቤት ሕፃን የምትጠብቀው ሶሊ ከጥግ፣ «ሲያትል ግን ሰዉ ትሑት ነው፣ ባለቤቴ እንደነገረኝ፤» አለች። ባሏ ሲያትል ነው፤ ወረቀቷን እየጠበቀች ነው።

«ትሑት ሆኖ አይደለም። ዝናቡ አንገቱን አስደፍቶት ነው።»

«ዴንቨርስ?»

«ዴንቨር ከፍታ ነው። አንድ ፎቅ ደረጃ ስትወጪ ኃጢአትሽን ሁሉ ታስታውሺያለሽ።»

«ላስ ቬጋስ?»

«ለላስ ቬጋስ ጸልዩለት።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አሰለፈች ፈገግ አለች እንጂ አልሳቀችም። «እኔ የምሄደው ዳላስና ሚኒሶታ ነው፤» አለች። «ወይ ወደ አንዱ ነው። እሱን ነው ያላወቅሁት።»

«ዳላስ ምድጃ ነው፤ ሚኒሶታ ማቀዝቀዣ ነው። ምርጫው ያንቺ ነው።»

ዓባይነህ ይህን ያለው ለቀልድ ነው። የአሰለፈች ወንድምና እህት ሦስት ዓመት የተኳረፉት ግን በዚሁ ቀልድ መሆኑን አላወቀም።

አሰለፈች ደሴ ነው የተወለደችው። እናታቸው ስትሞት እሷ አድጋ ነበር፤ ታናናሾቿ ግን ሕፃናት ነበሩ። ስንዱን ደሴ ያለችው አክስታቸው ወሰደቻት፤ ሀብታሙን ኮምቦልቻ ያለው አጎታቸው ወሰደው። አሰለፈች ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሮም ገባች። በሰው ቤት ሠርታ ሁለቱንም አስተማረች፤ አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ብትጠየቅም «ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የምትለው። ደሴ ዳገት ላይ ነው፣ ጉም የለበሰ፣ ብርዳም። ኮምቦልቻ ቁልቁል ወርደው የሚያገኙት ሞቃት አገር ነው። ሁለቱ ልጆች በተገናኙ ቁጥር እሱ «አፍንጫሽ ተንጠባጠበ፣ የብርድ ልጅ!» ይላታል፤ እሷ «ላብህን ጥረግ፣ ወበቃም!» ትለዋለች። አድገው አሜሪካ ሲገቡ ስንዱ ሚኒሶታ፣ ሀብታሙ ዳላስ መውደቃቸው ለአሰለፈች ሁልጊዜ የሚያስቃት ነገር ነበር። እግዚአብሔር እንኳ በቀልዳቸው የተሳተፈ ይመስላት ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት የስንዱ ባል የሚሠራበት ድርጅት ተዘጋ። ሀብታሙ «ያን በረዶ ትታችሁ ኑ፤ ዳላስ ሥራ ሞልቷል» አላቸው። ሄዱ። በሄዱ በወሩ ሀብታሙ የልጁን ክርስትና ደገሰ፤ ቤቱ በእንግዳ ተሞላ። እሱም ብርጭቆ አንሥቶ ሰውን ሲያጫውት፣ «እነዚህን ዘመዶቼን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፤ ገና በረዶአቸው አልሟሟም» አለ። ሰው ሳቀ። የስንዱ ባል አንገቱን ደፋ። ስንዱ በልጅነቷ እንደምታደርገው «ወበቃም» ብላ አልመለሰችለትም፤ በሰው ፊት ውለታ የተቆጠረባት መሰላት። በሳምንቱ ጓዛቸውን ጭነው ወደ ሚኒሶታ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ወንድምና እህት ቃል አልተለዋወጡም። እሱ ስለ እሷ የሚሰማው ከአሰለፈች ነው፤ እሷም ስለ እሱ እንዲሁ።

የአሰለፈች ምኞት አንድ ነበር። ሁለቱ ከአንድ ትሪ ሲበሉ አንድ ጊዜ ማየት። ፓስፖርቱን ያወጣችውም ለዚሁ ነው።

ግን ስታ ነበር፤ የሳተችውም በአገር ቤት ልማድ ነው። ሀብታሙ «እቴቴ፣ ወደ እኔ ነው የምትመጪው አይደል?» ሲላት «እሺ» አለችው። በማግስቱ ስንዱ ደውላ «እኔ ቤት ነው የምታርፊው፣ እቴቴ» ስትላት ለእሷም «እሺ» አለቻት። እሺ ይበልጣል ከሺህ ብላ ነው ያደገችው፤ የሚለምን ሰውን ፊት ለፊት እምቢ ማለት አፏ አያውቅበትም። ዳላስ ስደርስ ሚኒሶታን እደርስባታለሁ፣ ባቡር አይጠፋም ብላ አሰበች። ስንዱ የምሥራቹን ለቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች ተናገረች። ከሴቶቹ አንዷ ዳላስ እህት አላት። ሐበሻ ባለበት ወሬ ከአውሮፕላን ይፈጥናል፤ እሑድ ማታ ሁለቱም ተከታትለው ደወሉ።

«ሁለታችንንም እሺ ብለሻል፤» አለች ስንዱ። «እሱ ጋ ከሆንሽ ቅር አይለኝም። ግን ከዚያ በኋላ እኔ ጋ አትምጪ። ከእሱ ቤት ወጥቶ የሚመጣ ሰው አላስተናግድም።»

ሀብታሙም ያለው ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ከዓባይነህ የሰማችውን ይዛ አሰለፈች በዚያ ሐሙስ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የምትጠብቃቸው ሲኞራ ኦርኔላ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። አእምሯቸው ስለታም ነው፤ እግራቸው ግን ከድቷቸዋል። የሊቮርኖ ሰው ናቸው። የሊቮርኖ ሰው ደግሞ ጎረቤቱን የፒሳን ሰው አይወድም፤ ሲኞራ ኦርኔላም «በራፍህ ላይ የፒሳ ሰው ከሚቆም፣ ቤትህ ውስጥ ሬሳ ቢኖር ይሻላል» የሚለውን የአገራቸውን ተረት በቀን አንድ ጊዜ ሳይሉ አይውሉም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የሟች ባላቸው ፎቶ የፒሳ ሰው ፎቶ ነው።

ያን ማታ እራታቸውን ስታቀርብላቸው ፊቷን አይተው ምን እንደሆነች ጠየቋት። ነገረቻቸው።

«አዳምጪኝ፤» አሉ ሲኞራ። «እኔ ስጋባ የእኔ እናት ፒሳ አልረግጥም አለች። የእሱ እናት ሊቮርኖ አልረግጥም አለች።»

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ፣ ሲኞራ?»

«ሮም ተጋባን። ይኸው እዚሁ ቀረሁ። ጨው ጨምሪልኝ።»

አሰለፈች ጨው ስትጨምር እጇ ቆመ። ሐረጎ ትዝ አላት።

ሐረጎ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። አክስቷና አጎቷ በውርስ ተጣልተው አንዱ የሌላውን ደጅ አልረግጥም ብለው ነበር፤ በመካከል ስንዱና ሀብታሙ ሳይተያዩ ዓመት ሊሞላቸው ሆነ። ሽማግሌ ገባ። ሽማግሌዎቹም «ማንም ወደ ማንም አይሄድም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ሐረጎ ላይ ተገናኙ» ብለው ፈረዱ። አጎቷ ሀብታሙን ይዞ ሽቅብ ይመጣል፣ አክስቷ ስንዱን ይዛ ቁልቁል ትመጣለች። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ልጆቹ ዳቦ እየበሉ ሲሰዳደቡ፣ ትልልቆቹ መጀመሪያ ዝም ብለው፣ ቆይተው ግን ስለ ዝናቡና ስለ እህሉ መነጋገር ጀመሩ። ሐረጎ ላይ ቤት ያለው ሰው ስላልነበር ማንም እንግዳ፣ ማንም ባለቤት አልነበረም።

በሚቀጥለው ሐሙስ እንደገና ዓባይነህ ፊት ተቀመጠች።

«ከዳላስ ሚኒሶታ የሚሄደው መንገድ ስንት ነው?»

«አንድ ነው። ሠላሳ አምስት ይባላል። ዳላስ ላይ ትገቢበታለሽ፣ ሚኒሶታ ላይ ትወጪያለሽ። ሽቅብ ነው።»

«መኻሉ ላይ ምን አለ?»

ዓባይነህ አሰበ። «መኻሉ ላይ... ካንሳስ ሲቲ።»

«ምን ዓይነት ከተማ ናት?»

የሆነው ነገር እስከዳር ቤት ውስጥ ሆኖ የማያውቅ ነው። ዓባይነህ አፉን ከፈተ፣ መልሶም ዘጋው። ወደ ሶሊ አየ፤ ሶሊ ትከሻዋን ነቀነቀች። እስከዳር እንኳ እዚያ አንድ የአጎት ልጅ አልነበራትም።

«ነዳጅ ቀድቼባታለሁ፤» አለ ዓባይነህ በመጨረሻ።

«ማን አለዎት እዚያ፣ እትዬ አሰለፈች?» አለች ሶሊ።

«ማንም።»

«ታዲያ ማንም የሌለበት ከተማ ምን ሊያደርጉ ይሄዳሉ?»

«ማንም ስለሌለበት ነዋ፤» አለች አሰለፈች። ወዲያውም ሶሊን በስልኳ ቤት እንድትፈልግላት ጠየቀቻት። ሶሊ ኩሽና ያላት አንዲት ትንሽ ቤት አገኘችላት፤ ለሳምንት ተከራየችላት። የአውሮፕላን ቢልዬቶዋንም ያን ቀን አስቆረጠች።

ለሁለቱ መንገር ቀረ። እዚህ ላይ ነው እሺ የለመደ አፏ የከበዳት። ከመደወሏ በፊት ዳዊቷን ከፍታ ዕለታዊዋን ደገመች፤ ከዚያ ሁለቱንም በአንድ ቃል ተናገረቻቸው። «ወደ ማንም አልመጣም። ካንሳስ ሲቲ እወርዳለሁ። ታላቃችሁ ነኝ፤ ሊያየኝ የሚፈልግ ይምጣ።»

ስንዱ፣ «እሱም ይመጣል?» አለች።

«ጠርቼዋለሁ።»

ሀብታሙ ግን ካርታ አውጥቶ ተከራከረ። «እቴቴ፣ ይኼ እኮ መኻል አይደለም! ወደ እሷ ያዘነብላል። እኔ ስምንት ሰዓት ስነዳ እሷ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው የምትነዳው።»

«ከኮምቦልቻም ዳገቱን የምትወጡት እናንተ ነበራችሁ። ሽቅብ የሚመጣ ሰው መንገዱ ይረዝምበታል፤» አለችው። እሱ ክርክሩን ተወ። ሐረጎን እንዳስታወሰ ገባት፤ ይመጣል ወይም አይመጣም ግን አላለም።

ነሐሴ ደረሰ። የሲኞራ ልጅ እናቱን ወደ ባሕር ይዟቸው ሄደ። ሲኞራ በር ላይ ሆነው፣ «ካልታረቁ ሁለቱንም ሊቮርኖ ላኪልኝ፤» አሏት። አሰለፈች የፍልሰታን ጾም ይዛ ተሳፈረች። አውሮፕላን ውስጥ የቀረበላትን ምግብ በእጇ ምልክት መለሰችው።

ካንሳስ ሲቲ አሰለፈች እንዳሰበችው ጸጥ ያለች አልነበረችም፤ ሰፊ ነበረች። የቤቱ አከራይ ከጎን ያለው ቤት ውስጥ የሚኖር፣ ሆዱ ገፋ ያለ ሽማግሌ ነው። ከቤቱ ፊት ያለውን መንገድ በጣቱ እያሳየ ብዙ ነገር ነገራት፤ እሷ እንግሊዝኛ ስለማትችል ራሷን ነቀነቀች። ያለውን የተረጎመችላት ቀድማ የደረሰችው ስንዱ ናት። ከመንገዱ ወዲህ ያለው ሚዙሪ የሚባል ግዛት ነው፤ ከመንገዱ ወዲያ ያለው ካንሳስ ነው። ከተማዋ ራሷ ለሁለት የተካፈለች ናት።

ስንዱ ከሚኒሶታ እንጀራ፣ ሽሮና ድስት ሳይቀር ይዛ መጥታ ነበር። ምጣድ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆነች፤ ሽሮውን ታማስላለች፣ ወደ መስኮቱ ታያለች፣ «ሙቀቱ አይሎበት ቀርቶ ይሆናል» ትላለች፣ እንደገና ታማስላለች። አሰለፈችም የምታየው መስኮቱን ነበር።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ አንድ አቧራ የለበሰ መኪና ቆመ። ሀብታሙ ወረደ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ አሰለፈች በስልክ መስኮት ስታየው ይህን አላስተዋለችም ነበር። ጉልበቷን ስሞ ተነሣ። ለስንዱ ከሩቅ «ሰላም ነው?» አላት፤ «ሰላም» አለችው፣ ፊቷን ሳትመልስ። ስም አልጠራችም።

ከዚያ ሀብታሙ ተመልሶ ወጣና አንድ ትልቅ የበረዶ ሣጥን እያቃሰተ ተሸክሞ ገባ። ወለሉ መካከል አሳርፎ ክዳኑን ከፈተው። ዳላስ በሥጋ ነው የምትኮራው፤ ሀብታሙም የሚኮራበትን ሁሉ ጭኖ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በጭስ የበሰለ ጎድን፣ ሙሉ ዶሮ፣ ለጥብስ የተከተፈ ሥጋ። «ለእቴቴ ብዬ፤» አለ እያለከለከ። «ሃያ ስድስት ዓመት ያላበላኋትን።»

አሰለፈች ዓይኗን ጨፈነች። እሷ ነች ጥፋተኛዋ፤ ጾም ነው ብሎ ለወንድም ማስታወስ ነውር መስሏት አልተናገረችም። አሁን በእህቱ ፊት ባዶ እጁን የመጣ ያህል ሊሆን ነው ብላ ፈራች።

ስንዱ ማማሰያዋን እንደያዘች ዞረች። ሣጥኑን አየች። እሱን አየችው።

«ሀብታሙ፤» አለች። «ዳላስ ፍልሰታ አይገባም እንዴ?»

ሀብታሙ ክዳኑን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሦስት ዓመት ስሙን ከአፏ አልሰማም። ፊቱ ቀላ፤ ጆሮው ቀላ።

«ሙቀቱ ነው፤» አለ ቀስ ብሎ። «ቀኑን አስረሳኝ።»

«ወበቃም።»

አሰለፈች ዓይኗን አልገለጠችም።

«በረዶውን አይተሻል?» አለ ሀብታሙ። «ሣጥን ሙሉ በረዶ። እሱን ስገዛ ያሰብኩት አንቺን ነው።»

«እንግዲያው ለእኔ ስጠኝ፣ ይዤው ልሂድ። እኛ ጋ በረንዳ ላይ ብናስቀምጠው እስከ ልደት አይበላሽም።»

«በነሐሴም?»

«በነሐሴም።»

«ያን ቀን ያልኩት ነገር፣ ስንዱ...»

«ተቀመጥ። ሽሮው ይቀዘቅዛል።»

ትሪው አንድ ነበር፤ ስንዱ ሌላ አላመጣችም። አሰለፈች ጸሎት አድርሳ ቆረሰች። ሦስቱም በሉ። ብዙ አልተነጋገሩም፤ እሱ ሽሮው ጨው እንደጎደለው ተናገረ፣ እሷ ዳላስ ሰው በላቡ ስለሚያጣፍጥ ነው አለችው። አሰለፈች በልቧ ተመስገን አለች፤ ጮክ ብላ ብትለው የሚያቋርጡ መሰላት።

ሥጋው ግን ቀረ። ማምሻውን ሀብታሙ ሣጥኑን ለጎረቤቱ ሽማግሌ ሊሰጥ ወሰደው፤ እህቶቹም ተከተሉ። ሽማግሌው በረንዳው ላይ አንድ ጎድን አነሣ፣ ቀመሰ፣ አላመጠ፣ ራሱን ነቀነቀና አንድ ነገር ተናገረ። ሀብታሙ ፊቱ ጠቆረ። ስንዱ ግን ከኋላ ወደ ፊት ወጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ሽማግሌውን በእንግሊዝኛ ታስተምረው ጀመር። ዳላስ የሚለውን ቃል ደጋገመችው። ሽማግሌው እጁን አንሥቶ እየሳቀ እጅ ሰጠ።

አሰለፈች የሀብታሙን ክንድ ያዘች። «ምን አሉ?»

«ሥጋው ጥሩ ነው፣ ግን የካንሳስ ሲቲው ይበልጣል አለ፤» አለ ሀብታሙ። «በሥጋ የሚኮሩት እኛ ብቻ አይደለንም ለካ።»

«እሷስ ምን አለች?»

ሀብታሙ የሣጥኑን ክዳን ከደነ። «ስለ ሥጋው ነው፤» አለ።

አሰለፈች እንግሊዝኛ አታውቅም። «ማይ ብራዘር» የሚለውን ግን ለይታዋለች፤ ስንዱ ሁለት ጊዜ ነው ያለችው። ሀብታሙ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፣ ወደ ካንሳስ በኩል። አሰለፈች ክንዱን ለቀቀችው።

ሀብታሙ የመጣው ለሁለት ቀን ነበር፤ ለአሠሪው ደውሎ ሳምንቱን ቆየ። ከዚህ ወዴት ትሄጃለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። ማታ ማታ በዚያ መንገድ ሲንሸራሸሩ እሱ በካንሳስ በኩል፣ ስንዱ በሚዙሪ በኩል ሆነው ይሰዳደቡ ነበር፤ አሰለፈች በየትኛው በኩል እንደምትሄድ በየቀኑ ትቀያይር ነበር።

ሮም በተመለሰች በመጀመሪያው ሐሙስ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፣ ምስሯን አዘዘች፣ ዳዊቷን አኖረች። እስከዳር ሥራዋን ትታ መጣች፤ ዓባይነህ ወንበሩን ጎትቶ ቀረበ።

«እሺ፣ ካንሳስ ሲቲ እንዴት ናት?»

አሰለፈች አሰበች። «በሥጋቸው አይታሙም፤» አለች። «ዳላስ ይበልጣል ካልሽ ይስቁብሻል። እኔ ግን ጾም ላይ ስለነበርኩ አልቀመስኩም።»

ሌላ አልጨመረችም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ከሮማኒና ሰፈር የመጣ ሰው ዓባይነህን ስለ አሜሪካ ከተሞች ሲጠይቀው ሰማች። «ካንሳስ ሲቲ?» ይል ነበር ዓባይነህ። «ያቺን አውቃታለሁ! ስለ ሥጋ ብቻ እንዳታነሣባቸው።»

አሰለፈች መስኮቱን እያየች ፈገግ አለች። ስልኳ ጮኸ። ሀብታሙና ስንዱ በአንድ መስመር ላይ ሆነው ነበር የደወሉት፤ ሄሎ ከማለቷ በፊት ይጨቃጨቁ ነበር።